ክረምቱን ከሕፃናት ጋር፣ ደሴ ላይ

ትምህርት ሲዘጋ ደሴ ያለ ወላጅ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ልጆቹ እስከ መስከረም የት ይዋሉ? ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ቤት ከተቀመጡ ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጠው መዋል ነው። የእኛ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ለዚህ ብሎ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ፍልሰታ ፍቺ የሕፃናት ኮርስ ይከፍታል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለክረምት ስመለስ የምውለው እዚያ ነበር። አሁን ሥራ ይዤም የዓመት ፈቃዴን የማስቀምጠው ለዚያ ነው። አዲስ የሚገቡ አገልጋዮች "ምን እናድርግ? ከምን እንጀምር?" ብለው ስለጠየቁኝ የማውቀውን ልጻፍላቸው።

ከምዝገባው ጀምሩ። ስምና ዕድሜ ብቻ ጽፎ ልጅ መቀበል አይበቃም። አስም አለበት? የሚጥል በሽታ? የማይስማማው ምግብ አለ? ማታ ማን ይወስደዋል? ይህን ሁሉ እናት ፊት ለፊት ቆማ ሳለች ጠይቁ። የክርስትና ስሙንም አትርሱ። ልጆቹ በፍልሰታ ሲቆርቡ ካህኑ የክርስትና ስማቸውን ይጠይቃሉ። ትንንሾቹ ሲደነግጡ ይጠፋባቸዋል። አንዷ የአምስት ዓመት ልጅ ካህኑ ፊት ደርሳ ዝም አለች። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ስሟን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዤላት ስለነበር በጣቴ ነጠላውን አሳየኋት። ያዘችውና እየተንተባተበች አነበበችው። በዚያው ክረምት ከየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረች ልጅ ናት። እናቷ ከኋላ እልል አለች።

ሁለተኛው ነገር ጫማ ነው። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ጉሙ ይወርዳል፣ ከሰዓት ዝናቡ ይለቀዋል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል። ልጆቹ አዳራሽ ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ። አብዛኛው ጫማ ኮንጎ ነው፤ ቀለሙ ያው፣ ቁጥሩ ተቀራራቢ። መውጫ ሰዓት ላይ በሩ ጋ የሚሆነውን አስቡት። "እትዬ፣ ጫማዬ የለም!" "እትዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም፣ ይጠበኛል!" የቀኑ ትምህርት ሁሉ በዚያ ለቅሶ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ለየምድቡ የተለያየ ቀለም ክር ገዝተን በየጫማው ተረከዝ በኩል አሰርን። ምድቡ ቀይ የሆነ ልጅ ጫማውን የሚያስቀምጠው በቀይ ምንጣፍ ላይ ነው። እርጥብ ካልሲ ደግሞ ኩሽና ከምድጃው አጠገብ በተዘረጋው ገመድ ላይ ይሰቀላል። እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ መዝሙር አይዝም፤ ልብሱ ደርቆ ሲሞቀው ግን ራሱ ጠይቆ ይማራል።

አዳራሹ ስለማይበቃን ትንንሾቹ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ነው የሚማሩት። የሰፈራችን እድር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሽዬ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ በጠዋቱ ይከፍቱልናል፤ ዝናብ ሲያሰጋ ደግሞ ሳንጠራቸው መጥተው ካስማውን ያጠብቃሉ።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልልም፤ መርሐ ግብሩ ተዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ፊደሉንና አቡነ ዘበሰማያትን የኔታ ያስጠናሉ። መዝሙሩንና ታሪኩን እኛ እንይዛለን። ለትንንሾቹ ታሪኩን አሳጥሩት፤ ከዚያ ተነስተው ያጨብጭቡ፣ ከበሮ ይምቱ። እንደገና ቁጭ ሲሉ ጆሯቸው ይከፈታል። ከታሪክ ሁሉ በጣም የሚይዙት የሀገራቸውን ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ሲያስተምሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ ለትምህርት መጥተው እንደነበር ስነግራቸው አንዱ ልጅ "እዚህ? እኛ ጋ?" አለ። አዎ፣ እዚሁ። በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሥራው ይቀየራል። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ ብዙ ልጆች እስከዚያ ሳይቀምሱ ይቆያሉ። በልማዱ ልጅ ጾም የሚጀምረው ከሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ ልጆቹ ግን ይፎካከራሉ። "እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት! አንተስ?" ይባባላሉ። የስድስት ዓመቱም በልቶ እንኳ "አልበላሁም" ይላል። ይህን ፉክክር አታሙቁት። ማን እንደሚጾምና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስኑት ወላጅና የንስሐ አባት ናቸው፤ እኛ ዝርዝሩን ይዘን እናስፈጽማለን። ስለ ጾሙ የትኛውንም ልጅ በጓደኞቹ ፊት አናወድስም። የማይጾሙትን በሌላ ክፍል ቀድመን እናበላለን። ቅዳሴ ሲወጣ ደግሞ ምግቡ ደርሶ መጠበቅ አለበት። ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ሽሮው። ኩሽናችንን የሚመሩት እማማ "የቆየ ጾመኛ አይጠብቅም፣ ልጄ" ይሉኛል። እርሳቸው ዘግይተው አያውቁም።

ስለ ቅጣት ግልጽ ልሁን። ቁንጥጫና አለንጋ እንደ ተግሣጽ የሚቆጥሩ አገልጋዮች አጋጥመውኛል። ተቃውሜያለሁ፣ አሁንም እቃወማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተመታ ልጅ ጠባሳውን ከቦታው ጋር አያይዞ ነው የሚያድገው። ሌላው የማንደራደርበት ነገር፣ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሆንም። ሽንት ቤትም ቢሆን ሁለት ሆነን ነው የምንወስደው። ካህንም ቢሆን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ማታም ልጁ የሚሰጠው በምዝገባው ላይ ስሙ ለተጻፈ ሰው ብቻ ነው። "አጎቱ ነኝ" የሚል ቢመጣ ለእናቱ ይደወላል። የሚቆጣ አለ፤ ይቆጣ።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ልጆቹ ከሁሉም አስበልጠው የሚጠብቁት ይህን ቀን ነው፤ ሙልሙሉ፣ ችቦው፣ ሆያ ሆዬው፣ ጅራፉ። ስለ ጅራፉ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጅራፉ ሲጮኽ ሮጦ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አልወጣም አለ። ማንም አልጎተተውም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እማማ ትኩስ ሙልሙል አመጡለት። በልቶ ሲጨርስ ራሱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጅራፍ የሚጮኸው ከግቢው ራቅ ባለው ሜዳ፣ ሰዓቱ ቀድሞ ተነግሮ ነው። የማይፈልግ ልጅ ኩሽና ገብቶ ሙልሙል ያድቦለቡላል። ኩሽና መግባት ደግሞ እንደ ክብር እንጂ እንደ መቅረት እንዳይታይ፣ ሙልሙሉን ለጨፋሪዎቹ የሚያድሉት እነዚያው ልጆች ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ሐይቅ የአዳር ጉዞ አለ። ሌሊቱ የራሱ ጣጣ አለው። ፍራሽ የሚያረጥብ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። መብራት ሳታበሩ ልብሱን ቀይሩለት፣ አንሶላውን ውሰዱ፤ ጠዋት ማንም እንዳያነሳው። ከመኝታ በፊት ሁሉንም ሽንት ማስሸናት፣ እኩለ ሌሊት አካባቢም የሚታወቁትን ቀስቅሶ መውሰድ ብዙ ያቀልላል። ሴቶቹ ከሴት አገልጋዮች ጋር፣ ወንዶቹ ከወንዶቹ ጋር በተለያየ ቤት ያድራሉ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባበትም። ሥርዓቱ ነው፣ እናከብረዋለን። ታዲያ ወንዶቹን አስገብቶ ሴቶቹን ውጭ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። እኔ አልስማማም አልኩ። ክረምቱን ሙሉ አብረው የተማሩ ልጆች በመጨረሻው ቀን አይለያዩም። ሁላችንም ከሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት እንደነበር፣ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር እንደተገናኘ ከዚያው እያሳየሁ ነገርኳቸው። አንድ አባት ወጥተው ባረኩልን፤ ሴቶቹም ወንዶቹም መስቀል ተሳለሙ። ወንዶቹ ሲያድጉ ይገባሉ።

ዘንድሮ ይህ ጉዞ ከቡሄ በፊት እንዲሆን ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ጠይቀናል። ከቡሄ በኋላ ልጆቹ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ደክመው ነው አውቶቡስ ላይ የሚወጡት። ምዝገባው ሰኔ መጨረሻ ላይ ይጀምራል፤ ክርና የመርፌ ቁልፍ ይዛችሁ ኑ።