ባለሦስት ጎማ ናፍቆኝ

ሰሞኑን ከሥራ ስገባ ስልኬ ላይ የማየው አሮጌ ባለሦስት ጎማ ሞተር ብቻ ሆኗል። ልገዛ አይደለም። ዋጋው አይቀመስማ! ድሮ በየጓሮው ዝጎ ተጥሎ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሆንዳ ኤቲሲ 250አር ዛሬ ታድሶ ሲቀርብ ደህና ያገለገለ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ይጠየቅበታል።

ባጃጅ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ጣሪያም በርም የለው፣ ተሳፋሪም አይጭን። ላዩ ላይ ተፈናጥጠው አሸዋና ጭቃ የሚያርሱበት ነው። ሆንዳ የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። አሜሪካ ውስጥ ክረምት ሲገባ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ይጠፋል፤ ሻጮቹ ታዲያ በብርድም የሚሸጥ ነገር ስጡን አሉ፤ ኦሳሙ ታኬውቺ የሚባል መሐንዲስ ይሄን ሠራላቸው። አሞርዛተር የሚባል ነገር አልነበረውም። ንዝረቱን የሚውጡት ፊኛ የሚያካክሉት ለስላሳ ጎማዎች ናቸው፤ ነፋሳቸው ትንሽ ስለሆነ በእጅ ስትጫናቸው ይሰረጉዳሉ።

እኔ የደረስኩት ድግሱ ሊያልቅ ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሳንዲያጎ ጋራዥ ስሠራ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ለቴንክስጊቪንግ በዓል ግላሚስ የሚባል በረሃ ይዘውኝ ሄዱ። ወደ ምሥራቅ ነድተህ አሪዞና ልትገባ ጥቂት ሲቀርህ በረሃው ድንገት የአሸዋ ተራራ ይሆናል። ከዚያ ድንኳን ነው፣ ጭስ ነው፣ ጩኸት ነው። ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠለው ዘይት ሽታ ልብስህ ላይ ተጣብቆ ከተማ ድረስ ይከተልሃል። ሁሉም ከኋላው ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ሰክቷል። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ከአሸዋው ጉብታ ማዶ የሚመጣው ሰው ሳይወጣብህ በፊት እንዲያይህ ነው።

መንዳቱን ያስተማረኝ አንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ መካኒክ ነው። "መሪውን እርሳው፣ በወገብህ ንዳ" አለኝ። መጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች የታሰሩት አንድ ድፍን አክስል ላይ ነው፤ ሁለቱን ጎማ በተለያየ ፍጥነት የሚያዞረው ዲፈረንሻል የለም። ሁለቱም እኩል ስለሚሽከረከሩ፣ መሪውን ብቻ ብትጠመዝዝ ሞተሯ ቀጥ ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። ሰውነትህን ወደምትታጠፍበት ትጥላለህ፣ ክብደትህን ግን በውጪኛው እግርህ መርገጫው ላይ ታሳርፋለህ፤ ያኔ የውስጠኛው ጎማ ቀለል ብሎት ይንሸራተትና ትዞራለች። ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው ደግሞ ሲደነግጥ እግሩን መሬት ይጥላል። እዚህ እግርህ መሬት ከነካ የገዛ ኋላ ጎማህ ይወጣበታል። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ "እግር!" እያለ ሲጮህብኝ ዋለ።

ያኔ አዲስ መሸጥ ቆሞ ነበር። ብዙ ሰው፣ በተለይ ልጆች፣ እየተገለበጡ ሲጎዱና ሲሞቱ ጉዳዩ መንግሥት ጋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾቹ ባለሦስቱን መሸጥ ለማቆም ተስማሙ። ባለአራት ጎማው ቦታውን ወሰደ። ትክክል ነበር። ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ እሷ ላይ ሲወጣ ባይ እኔ ራሴ ቁልፉን ነቅዬ እሸሻለሁ። ግን ናፍቆት ለሕግ አይገዛም፣ ምን ላድርገው።

አሁን ግላሚስ ብትሄድ ቀበቶ፣ ጣሪያና ቴፕ ያለው ነገር ነው የሚነዱት። ቤተሰብ ያዝናናል፣ አልጠላሁትም። ለእኔ ግን እሱ መኪና ነው።

ድንገት ገንዘብ ቢተርፈኝ እንኳ 250አሩን አልገዛም። ፈጣን ነች፣ አልክድም፤ ግን ዘይት መቀላቀሉ፣ ካንዴላ መቀየሩ ማለቂያ የለውም። ለእኔ ሌላኛዋ የሆንዳ ባለሦስት ጎማ፣ 200ኤክሷ፣ ትበቃኛለች። ባለ አራት ምት ሞተር፣ ቤንዚን ብቻ ሞልተህ ትሄዳለህ፤ ዳገት ላይም ታግዝሃለች እንጂ አትዘልብህም። የ250አር ወዳጆች ይሄን ሲያነቡ መጮኻቸው አይቀርም። ይጩኹ!