አንድ ሰርቨር፣ አምስት ሥራ እና የሰኔ 30 ጠዋት

አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ አገልግሎት መጫን በራሱ ጥፋት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው በሙያችን ብዙ ሰው "ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ማሽን" እያለ ስለሚመክር ነው። ምክሩ ለባንክ ይሠራል። አርባ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ግን ሦስት ሰርቨር ማለት ሦስት ጊዜ የውጭ ምንዛሪ መፈለግ ነው። ሦስት ዩፒኤስ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ጄነሬተሩ ላይ የሚጨመር ጭነት ነው። አንድ ደህና ማሽን ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ተጭኖበት ኢሜይሉን፣ የጋራ ፎልደሩን፣ የሽያጭና የንብረት ሲስተሙን፣ ድረ ገጹንም አንድ ላይ ተሸክሞ ለዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው።

ሥራዬ ለእንዲህ ዓይነት መካከለኛ ድርጅቶች ሲስተም መትከልና መጠገን ነው። ይህ ገጠመኝ የአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው። ቢሮው አዲስ አበባ መሃል ከተማ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ። ሰርቨሩን የተከለላቸው ሌላ ባለሙያ ነበር፤ በኋላ ሥራ ቀየረ። ከእሱ የተረከበው ገና ከኮሌጅ የወጣ ጎበዝ ልጅ ነው። እኔን የሚጠሩኝ ነገር ሲከብዳቸው ብቻ ነበር።

ማሽኑ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው ተጣምረዋል። የተጫነው ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ኢሜይሉን ፖስትፊክስና ዶቭኮት፣ የጋራ ፎልደሩን ሳምባ፣ ሽያጭና ንብረቱን ኦዱ፣ የኦዱን የመረጃ ቋት ፖስትግሬስ፣ ድረ ገጹን ደግሞ ኤንጂንኤክስ ይዘውታል።

ስልኩ የተደወለው ሰኔ 30 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

"ሲስተም የለም" አሉኝ የፋይናንስ ኃላፊዋ። "ዛሬ ሂሳብ የምንዘጋበት ቀን መሆኑን ያውቃሉ አይደል?"

አውቃለሁ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ማብቂያ ነው። መጋዘን ውስጥ ቆጠራ አለ። የተቆጠረው ዕቃ ከቢን ካርዱ፣ ማለትም ከመጋዘኑ የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ ሲስተም ውስጥ ይገባል። ሐምሌ 1 በአዲስ መዝገብ ይጀመራል። በዚያ ቀን ሲስተም ጠፋ ማለት ቃሊቲ ያሉት ቆጣሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ ማለት ነው።

ስደርስ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ችግር ነገረኝ። የሽያጭ ክፍሉ "ኦዱ አይከፈትም" አለ። ጸሐፊዋ ስካን ያደረገችው ሰነድ የጋራ ፎልደር ውስጥ አልቀመጥ ብሏታል። የግዥ ክፍሉ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ኢሜይል አልገባለትም። አንዱ ቫይረስ ነው ይላል፣ ሌላው ኢንተርኔቱ ነው ይላል።

ሦስት የማይገናኙ ብልሽቶች በአንድ ጠዋት አይገጣጠሙም። አንድ ማሽን ላይ ያሉ አገልግሎቶች አብረው ሲታመሙ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የሚጋሩት ምንድን ነው?" ነው። የአንድ ግቢ ተከራዮች ሁሉ በአንድ ጠዋት ውሃ ቢቋረጥባቸው የየቤቱን ቧንቧ መፍታት ትርፉ ድካም ነው። የሚታየው ሮቶው ነው። ልጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ እያንዳንዱን አገልግሎት ለየብቻ እያጠፋ ሲያስነሳ ነበር።

"ዲስኩን አይተኸዋል?" አልኩት።

"አይቻለሁ ጋሼ። ፋይል ፈጥሬ ሞክሬያለሁ፣ ተቀምጦልኛል። ዲስኩማ ደህና ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ጎበዝ ሰውንም የሚያሳስት ነገር ነው። ኤክስትፎር የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሲፈጠር ካልተነገረው በቀር ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ላለው የአስተዳዳሪ ተጠቃሚ ብቻ ያስቀምጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዲስኩ ቢሞላ አስተዳዳሪው ገብቶ የሚያጸዳበት ቦታ እንዲኖረው ነው። ልጁ የገባው ሩት ሆኖ ነው። ለእሱ ዲስኩ ይጽፍለታል። ፖስትግሬስ ግን የሚሠራው በራሱ ተጠቃሚ ስም ነው። የሳምባ ተጠቃሚዎችም ሩት አይደሉም። ለእነሱ ዲስኩ አልቋል። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየውን ዲኤፍ የሚለውን ትእዛዝ ስንሰጥ 100 በመቶ የሚል መልስ መጣ።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ከኋላችን ቆመው ነበር። "ባለ 1 ቴራ ነው ብላችሁ አይደል የገዛነው? እንዴት በዚህ ጊዜ ይሞላል?" አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አልሞላም ነው። የኡቡንቱ ሰርቨር መጫኛ ኤልቪኤም የሚባለውን የዲስክ ማከፋፈያ አሠራር ሲጠቀም፣ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ለዋናው ክፍል 100 ጊጋባይት ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ሳይመደብ ይተወዋል። የተረፈው አስተዳዳሪው እንደ ፍላጎቱ እንዲያከፋፍለው ነው። እዚህ ያከፋፈለው ሰው አልነበረም። ኢሜይሉ፣ የመረጃ ቋቱ፣ የጋራ ፎልደሩ፣ ሎጉ (ፕሮግራሞቹ የሠሩትን የሚመዘግቡበት)፣ ባክአፑም (የመጠባበቂያ ግልባጩ) ጭምር በዚያች 100 ጊጋባይት ውስጥ ይተፋፈጋሉ። ከ800 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ደግሞ እዚያው ማሽን ውስጥ ማንም ሳይነካው ተኝቷል።

ልጁ ከእኔ በፊት አንድ ትልቅ የሎግ ፋይል ሰርዞ ነበር። ቦታው ግን አልተለቀቀም፣ ይህም ግራ አጋብቶታል። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ሲሰረዝ ስሙ ይጠፋል እንጂ ቦታው አይለቀቅም። የሚለቀቀው ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲዘጋው ነው። ኤልኤስኦኤፍ በሚባለው ትእዛዝ ስንፈልግ ስሙ የጠፋው ፋይል ኦዱ እጅ ውስጥ ተገኘ። ልጁ ፋይሉን ከሰረዘ በኋላ ኦዱን ራሱን አልነካውም ነበር፣ ምክንያቱም ስህተት የሚያሳየው ፖስትግሬስ ነበር። አስነሳነው፤ ጥቂት ቦታ ተለቀቀ።

ከዚያ ልጁ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ "እነዚህንስ ልሰርዛቸው ጋሼ? ብዙ ናቸው፣ ሎግ ይመስላሉ" አለኝ።

"እጅህን አንሳ!" አልኩት። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ኃላፊዋም ደነገጡ።

የጠቆመው ፒጂ ዋል የሚባለውን ፎልደር ነው። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ ዋናው የመረጃ ፋይል ላይ ከማስፈሩ በፊት አስቀድሞ እዚህ ይጽፈዋል። ማሽኑ በድንገት ቢጠፋ ተመልሶ የሚነሳው ከዚህ እያነበበ ነው። እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት የሆኑ፣ ስማቸው የቁጥርና የፊደል ድርድር የሆነ ፋይሎች ናቸው። ላላወቃቸው ሰው በእርግጥ ቆሻሻ ይመስላሉ። ፎልደሩ በፊት ፒጂ ኤክስሎግ ይባል ነበር። ሎግ መስሏቸው የሚሰርዙት ሰዎች በመብዛታቸው በአውሮፓውያን 2017 የወጣው 10ኛው እትም ስሙን ቀየረው። ከነዚህ ፋይሎች ጥቂቱ ቢጠፋ የዓመቱ ሽያጭና ንብረት የነበረበት ቋት ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ቢነሳም ውስጡ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ሰኔ 30 ቀን!

ፖስትግሬስ የወደቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዋል ላይ መጻፍ ሲያቅተው ራሱን ያቆማል። አንድ ሽያጭ ተመዝግቧል ብሎ ሳይመዘገብ ከሚቀር መቆሙን ይመርጣል። ይህን ለኃላፊዋ ሳስረዳቸው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። "እንግዲያው እስከ ትናንት የገባው አልጠፋም?" አሉ። አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት ገባ ተብሎ የታየውም አልጠፋም።

ካልተመደበው ቦታ 50 ጊጋባይት ለዋናው ክፍል ጨመርንለት። ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልገውም። ፖስትግሬስን ስናስነሳው ዋሉን አንብቦ ራሱን አስተካከለና ሥራ ጀመረ። ቃሊቲ ደወልን። ቆጠራው ቀጠለ።

"ጋሼ፣ ሁሉንም ለምን አንሰጠውም?" አለኝ ልጁ። አሁን ላይ ይህ ጥያቄ ከሁሉም የተሻለ ነው እላለሁ። ሁሉንም ብንሰጠው ችግሩን ለሌላ ዓመት አስተላለፍነው እንጂ አልፈታነውም። የጋራ ፎልደሩ ሲያብጥ የመረጃ ቋቱን መግደሉ አይቀርም።

ቀጥለን ዲስኩን ምን እንደሞላው ፈለግን። በአብዛኛው ባክአፕ ነው። የፖስትግሬስ ሙሉ ግልባጭ በየቀኑ ይወጣል፣ እዚያው ዲስክ ላይ ይቀመጣል። የዚያን ዕለቱ ግማሽ ላይ ተቋርጦ ቀርቷል። የፋይሉን ሰዓት ሳይ ግን የጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው።

"ባክአፑ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"

"ሌሊት 8 ሰዓት ነው ጋሼ። የርክክብ ደብተሩ ላይም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ክሮን የሚባለውን የሰዓት ሠንጠረዥ ከፈትን። 8 ይላል። የሰርቨሩ የሰዓት ቀጠና አዲስ አበባ ላይ በትክክል ተቀምጧል። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ለእሱ 2 ነው። ለእሱ 8 ማለት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ቡናውን ጠጥቶ ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት ሰዓት። ለካ "ጠዋት ጠዋት ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል" የሚለው የሠራተኛው የዘወትር ስሞታ ከኢንተርኔቱ ጋር አይገናኝም። ሁሉም ሰው ሥራ ሲጀምር ማሽኑ ሙሉ ግልባጭ እያወጣ ነበር። ሰኔ 30 ጠዋት ደግሞ የዓመቱ ሰነድ ሁሉ ስካን እየተደረገ ይገባል። ሁለቱ ሲገናኙ ዲስኩ አለቀ።

በአገራችን ሰርቨር የምትይዙ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ዛሬውኑ እዩልኝ። ክሮኑ ላይ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በማስታወሻ መልክ ጻፉት። ከእናንተ በኋላ የሚረከበው ሰው አይጎዳም።

ማታ ሠራተኛው ሲወጣ እውነተኛው ሥራ ተጀመረ። ለመረጃ ቋቱ፣ ለኢሜይሉ፣ ለጋራ ፎልደሩና ለሎጉ ካልተመደበው ቦታ የየራሳቸውን ክፍል ከፈትንላቸው። አሁን የጋራ ፎልደሩ ቢሞላ የሚቸገረው የጋራ ፎልደሩ ብቻ ነው። የተወሰነ ቦታ ሆን ብለን ሳንመድብ ተውነው፤ ለክፉ ቀን።

ሜሞሪውንም አየን። የዚያን ቀን ጥፋት የለበትም። ግን ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። የሚመርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የያዘውን ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ያ ፕሮግራም የመረጃ ቋቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አገልግሎቶቹን በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ በኩል ለኦዱና ለኤንጂንኤክስ የሜሞሪ ጣሪያ አበጀንላቸው። ፖስትግሬስ ደግሞ ከሚገደሉት መጨረሻ እንዲሆን አደረግን።

ኢሜይሉ በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። ፖስትፊክስ ቦታ ሲያጣ ላኪውን "አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር" ነው የሚለው። ላኪዎቹ ሰርቨሮች ደግሞ ደብዳቤውን ይዘው ደጋግመው ይሞክራሉ። ፖስትፊክስ ራሱ ላኪ ሲሆን ካልተቀየረ በቀር እስከ 5 ቀን ይጠብቃል። የግዥ ክፍሉ የሚጠብቀው የአቅራቢ ደብዳቤ በማግስቱ ጠዋት ገብቶ ተገኘ።

ማስጠንቀቂያም አበጀን። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ መልእክት ይላካል። ልጁ መጀመሪያ በኢሜይል እንዲሆን አስቦ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን ያለው እዚያው ሊታመም የሚችለው ማሽን ላይ ነው። በቴሌግራም አደረግነው። እሱና ኃላፊዋ ስልክ ላይ ይደርሳል።

ባክአፑን ወደ ቃሊቲ ወሰድነው። መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። አዲስ ዲስክ ገባበት። በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት እሱ ራሱ ከሰርቨሩ እየጎተተ ይወስዳል። ሰርቨሩ እዚያ መግባት አይችልም። አንድ ሰው ሰርቨሩን ሰብሮ ቢገባበት ባክአፑን አብሮ እንዳያጠፋው ነው። በየወሩ መጀመሪያ ልጁ አንዱን ግልባጭ እዚያው ዴስክቶፕ ላይ አስነስቶ የንብረት ክፍሉን ሽማግሌ "ጋሼ፣ የሲሚንቶውን ቁጥር ይዩልኝ" ይላቸዋል። እሳቸው ከካርዳቸው ጋር ያመሳክራሉ። ካልገጠመ ባክአፕ የለንም ማለት ነው።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። "ንገረኝ፣ ስንት ሰርቨር እንግዛ?" አሉ።

"አንድም" አልኳቸው። ይልቅ ለነባሩ ማሽን ተለዋጭ ፓወር ሰፕላይና አዲስ የዩፒኤስ ባትሪ እንዲገዙ፣ ለልጁም የፖስትግሬስ ሥልጠና እንዲከፍሉለት ጠየቅኳቸው። ሦስቱም በአዲሱ በጀት ተይዘዋል። ባትሪው ተገዝቷል፤ ሥልጠናው በጥቅምት ይጀመራል።