ሲዲ ፎሬ ወረደ

አሜሪካ ውስጥ የላብ ውጤት ሐኪም እስኪያስረዳ አይጠብቅም፤ ቀጥታ ስልክ ላይ ዱብ ይላል። የኔም ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ መጣ። ሲዲ ፎር፣ ማለትም ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቁጥር፣ 430፤ ጎኑ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት። ያለፈው 560 ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒቴን አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ ታዲያ ምን ነካው?

ይሄ ቁጥር ለኛ ዘመን ሰው ቀላል አይደለም። አገር ቤት መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች ያልወረደ ወይም በጠና ያልታመመ ሰው በአብዛኛው አይጀመርለትም ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ወዲያው ይጀምራል። የያኔው ድንጋጤ ግን እስካሁን አለቀቀንም።

ክሊኒክ ደወልኩ። አስተርጓሚ መስመር ላይ ሲገባ ሁሌም እሸማቀቃለሁ፤ ሐበሻ ነው፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግነቱ ሴትዮዋ ከመለያ ቁጥሯ በቀር ስሟንም አልተናገረች።

«ሰሞኑን ታመው ነበር?» አለች ነርሷ በአስተርጓሚዋ በኩል። ጉንፋን ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር። «እንቅልፍስ?» የሌሊት ሠራተኛ እንቅልፍ ይጠየቃል?

ምርመራው የሚቆጥረው ደም ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ያሉት ግን ንፍፊትና አንጀትን በመሰሉ የሰውነት ክፍሎች ነው። ጉንፋን፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። «ፐርሰንቱን ይዩት» አለችኝ። ሲዲ ፎር ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ድርሻ ማለቷ ነው። 29 የነበረው 28 ሆኗል፤ ምንም ያህል አልተነቃነቀም። ቫይራል ሎዱም፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ «አይታይም» ይላል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚናገረው እሱ ነው። ሲዲ ፎሩ በተደጋጋሚ ቢወርድ ወይም ቫይረሱ መታየት ቢጀምር ነው ነገሩ የሚመረመረው።

አንዲት ወዳጄ ደግሞ መድኃኒቱን የጀመረችው ሲዲ ፎሯ 90 ሆኖ ነው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ወጣላት፣ ከዚያ 350 አካባቢ ቆመ። ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል፤ 500 የማይደርስም አለ። እሷ ግን ቫይረሷ አይታይም፣ ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ እኔን ትሰድባለች።

ከሦስት ወር በኋላ ስመረመር 520 ሆነ። ሐኪሙ ሲዲ ፎር ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ይበቃሃል አለኝ። ቫይራል ሎዱ በየስድስት ወሩ ይቀጥላል።