ብሎን ባጠበቅን ቁጥር ዘይት አይቆምም

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። አርብ ማታ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ መጥቼ አዳማ መውጫ ላይ ልከፍል ስቆም የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ቤት ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት ዘይቱ ከቫልቭ ኮቨሩ (ከሞተሩ የላይ ክዳን) ጠርዝ እየወረደ የጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ይንጠባጠባል። ጓርኒሲዮን ነው፣ ክዳኑና ሞተሩ መሃል ገብቶ ዘይት የሚያግደው ጎማ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

የሚያናድደው ይሄ ነገር ከስድስት ወር በፊት ተቀይሮ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። «አጥብቄልሃለሁ፣ አታስብ» ነበር የተባልኩት። እውነቱን ነው፣ አጥብቆታል።

ቅዳሜ ጓርኒሲዮኑን ከካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ ከሚያቀጣጥለው) ጉድጓዶቹ ክብ ጎማዎች ጋር ገዛሁና እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀመርኩ። አንደኛ ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። ሁለተኛ የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ኮረብታው ላይ ያሉትን የኤሌክትሪክ ተርባይኖች የሚያሽከረክር ንፋስ እኮ ነው፣ ረፈድ ካለ አቧራውን ሁሉ አምጥቶ ክፍት ሞተር ውስጥ ይደፋላችኋል።

ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ኮይሎች ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታሁ። ክዳኑ ግን አልነሳ አለ። ለካ ዙሪያውን በሲሊኮን ተለጥፏል! በመዶሻ እጀታ ጎኑን መታ መታ ሳደርገው ተላቀቀ። (ካቻቪቴ አስገብታችሁ እንዳትፈለቅቁት፣ አሉሚኒየሙ ከተጫረ ዘይቱ በጭረቱ ይወጣል።) አሮጌው ጓርኒሲዮን ጎማ መሆኑን ረስቷል፤ ላጥፈው ስል እንደ ቋንጣ ቀጭ አለ። ብሎኖቹ ሥር ተጨፍልቆ ወረቀት አክሏል።

ኮሮላዬ ላይ ሲሊኮን የሚያስፈልገው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ የካቴናው (የሞተሩ ሰንሰለት) ክዳን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው አካል) ጋር የሚገናኝባቸው ሁለቱ ጥጎች። እዚያም ትንሽ ጠብታ። ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ከወደቀ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል።

አጠባበቁ ላይ ጎረቤቴ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ በሁለት ጣት ነው እንዴ የምታስረው? ጠበቅ አድርጋት እንጂ!»

«ጋሼ፣ ያፈሰሰችው እኮ በመጥበቋ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልኩ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ማለትም ምንም። ከመሃል ወደ ጫፍ፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ አለ። ስትነቀንቁት ኳ ኳ ማለት አለበት። የኔው ጭጭ! እሱ ከተደፈነ ውስጥ የታመቀው ግፊት አዲሱንም ጓርኒሲዮን ገፍቶ ዘይት ያስወጣል፣ ስለዚህ ያኛው መካኒክ በልኩ ቢያስረውም መልሶ ማፍሰሱ አይቀርም ነበር ማለት ነው። እሱንም ቀየርኩት።

ሲሊኮኑ እንዲደርቅ ሁለት ሰዓት ጠብቄ አስነሳኋት፣ ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ። ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ጋሼ ግን አሁንም ባለፉ ቁጥር ጎንበስ ብለው ሥሯን ያያሉ።