ከሌሊቱ 10 ሰዓት በረሃብ የምትነቃው ልጃችን እስከ ንጋት መተኛት የቻለችበት መንገድ

ልጃችን ጡት የጣለችው በ16 ወሯ ነው። እስከ ሁለት ዓመቷ ልናጠባት አስበን ነበር፤ ነገር ግን የባለቤቴ የሥራ ቦታ ተቀይሮ ማለዳ ወጥታ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ በመሆኑ አልተሳካም። ጡት በተወች በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን እያለቀሰች መንቃት ጀመረች። መጀመሪያ ጥርስ ሊያበቅልላት ነው ብለን ድዷን ዳሰስን፤ ዳይፐሯን ቀየርን፤ አቅፌ እየዞርኩ ላባብላት ሞከርኩ። ከጡጦ በቀር የሚያስቆማት ግን አልነበረም። 240 ሚሊ ሊትር ወተት ሳታቋርጥ ጠጥታ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትተኛለች። ባለቤቴ ጠዋት ቀድማ ስለምትወጣ የሌሊቱን ተራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜም በየሌሊቱ እየተነሣሁ ወተት አሞቅሁ።

በዚያ ወቅት ያማከርናቸው ብዙ ሰዎች «ልማድ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ካለቀሰች ትተወዋለች» ይሉን ነበር። ልጅ በእርግጥ ተርባ ስታለቅስ ዝም ብሎ መተው ያን ጊዜም ትክክል አልመሰለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። ረሃቧ እውነተኛ እንደ ነበር ከአጠጣጧ በግልጽ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ ሳልጠይቀው የዘገየሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ማታ በልታ የተኛች ልጅ በዚህ ሰዓት የሚርባት ስለ ምንድን ነው?

ይህን ከመጠየቄ በፊት ሁለት የተሳሳቱ መፍትሔዎችን ሞክሬአለሁ። የመኝታዋን ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ተኩል ብገፋው ንቃቷም አብሮ የሚገፋ መስሎኝ ነበር፤ በሦስቱም ሌሊቶች የነቃችው በዚያው በ10 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ስላጣች ልቅሶዋ ብሶ፣ ቀኑንም ተነጫንጫ ዋለች። ቀጥሎ የመኝታ ጡጦዋን በእጥፍ ጨመርኩላት። እርሱም ጡጦውን አፏ ውስጥ እንደ ያዘች እንድትተኛ አስለመዳት እንጂ ንቃቷን አላስቀረውም። በአፍ ውስጥ የሚያድር ወተት የሕፃናትን ጥርስ እንደሚያበላሽ የተነገረን በኋላ ነው።

መንገዱን ያሳየን አንድ ተራ ደብተር ነው። ለ10 ቀናት ያህል እኔ፣ ባለቤቴና ሞግዚታችን ልጃችን የበላችውንና የጠጣችውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፍን። ሞግዚታችን መጀመሪያ ልትወቀስ የሆነ መስሏት ተጨንቃ ነበር፤ ስሕተቱ የሁላችንም መሆኑን ስንነግራት ግን ከእኛ ይልቅ ጠንቅቃ የጻፈችው እርሷ ሆነች። ደብተሩን ስናነበው ልጃችን በቀንና በሌሊት በድምሩ 900 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ወተት ትጠጣ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ብስኩት በወተት ትበላለች፤ ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት እራት ሲቀርብ ሆዷ ሞልቶ ሁለት ሦስት ጉርሻ ፍርፍር ቀምሳ ትተወዋለች። ሌሊት በጠጣችው ወተት ምክንያት ደግሞ ቁርስ አትበላም። የቀኑ ምግብ ቀስ በቀስ ወደ ሌሊት ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ በ10 ሰዓት የማሞቀው ወተት ለነገው የ10 ሰዓት ረሃብ መንገድ ይጠርግ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። «ጠንከር ያለ ምግብ» እያልን እንመካበት የነበረው አጥሚት በጡጦ እንዲያልፍ ሲባል እጅግ የቀጠነ፣ አብዛኛው ውኃ የሆነ ነበር። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ በውኃ ይሞላል፤ ቶሎም ባዶ ይሆናል። የባለቤቴ እናት ሊጠይቁን መጥተው ይህን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ መጠጥ ነው፤ ገንፎ ስጧት» አሉኝ። ከስንዴና ከአጃ ዱቄት፣ በማንኪያ ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ገንፎ አገንፍተው፣ ንጥር ቅቤ ጨምረው ራሳቸው አበሏት።

ምግቧን ከመለወጣችን በፊት ግን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ይህን ለማንም ወላጅ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ክብደቷ የቀነሰ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነውና። ነርሷ ክብደቷንና የክንዷን ዙሪያ ለክታ፣ ዕድገቷ ደህና መሆኑን ነገረችን። ወተቷ ግን በቀን ከግማሽ ሊትር እንዳይበልጥ አሳሰበችን፤ የላም ወተት ብረት በጣም አነስተኛ ነው፤ ሲበዛም ሆድን ሞልቶ ብረት ላለው ምግብ ቦታ ያሳጣል፤ ልጅንም ለደም ማነስ ያጋልጣል።

ከዚያ በኋላ መክሰሷን ወደ 9 ሰዓት አመጣነው፤ ብስኩቱንም በአቮካዶ ወይም በሙዝ ተካነው። እራቷን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ እኛ በምንበላበት ገበታ አደረግነው፤ ቅቤ የገባበት ገንፎ፣ ወይም ከድንች ጋር የተፈጨ ምስር፣ ወይም እንቁላል ፍርፍር። ከእራት አንድ ሰዓት በኋላ ጥቂት ወተት በኩባያ ትጠጣለች፤ ጥርሷ ይቦረሻል፤ 2 ሰዓት ላይ ትተኛለች። አልበላም ያለችበትን ምሽት በግድ አናጎርሳትም፤ ሳህኑን አቆይተን ከወተቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግመን እናቀርብላታለን።

እራቷ ከተስተካከለ ከአምስት ቀን በኋላ የሌሊቱን ወተት መቀነስ ጀመርኩ፤ በየሁለት ሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር። ይህ ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀናት ፈጀ። ቅደም ተከተሉ እጅግ አስፈላጊ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሳይሞሉ ሌሊቱን መቀነስ ልጅን ማስራብ ነው። ወተቱ 90 ሚሊ ሊትር ሲደርስ አንዳንድ ሌሊት አጉረምርማ መልሳ ትተኛ ጀመር፤ እኔም በመጀመሪያው ድምፅ መነሣቴን ትቼ ጥቂት መጠበቅ ተማርኩ። ወደ ንጋት ገደማ እንቅልፍ ስለሚቀልል ልጅ ድምፅ ማሰማቱ ሁልጊዜ ነቅቷል ማለት አይደለም። መሐል ላይ ጉንፋን ይዟት ምግብ ስትተው ወተቱን ያለ አንዳች ማመንታት መለስንላት፤ ከዳነች በኋላ ከቆምንበት ቀጠልን።

ዛሬ የምትነቃው 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ስለምትተኛ በድምሩ 12 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ከሚመክረው ከ11 እስከ 14 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ እንድትተኛ አልታገልኩም።

አንድ ጊዜ ብቻ ችግሩ ተመልሶብን ነበር፤ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት። ሕፃን የመጾም ግዴታ እንደሌለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም በቤቱ ቅቤውም እንቁላሉም ሲጠፋ የእርሷም እራት ሳናስበው የጾም ሆኖ፣ ከእኛው ሽሮ በእንጀራ ስትበላ ሰንብታለች። ደብተሩን እንደገና ስናወጣ ምክንያቱ በሁለት ቀን ታየ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ባለቤቴ ለልጃችን ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስትና የራሷን ማማሰያ ለየች፤ ቅቤውና እንቁላሉም እስከ ፋሲካ ከዚያች ድስት አልጠፋም።