ጤና አዳም፣ ሎሚና የኮምቦልቻ ፀሐይ

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ወይባ ጢስ ያለው የውበት ሳሎን ውስጥ ነው። ደንበኞቻችን ድካም ሲበዛባቸው ይመጣሉ፤ ወይባውን ሞቀው፣ ላባቸው ወጥቶ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥበው ቅልል ብሏቸው ይሄዳሉ። ቤታቸውም የየራሳቸው መላ አላቸው። አንዷ አሪቲ ትነክራለች፣ ሌላዋ ባሕር ዛፍ ታፈላለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ደንበኛችን ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ገባች። ስትገልጠው ደነገጥን። ከአንገቷ ሥር እስከ ክንዷ ቆዳዋ ቀልቷል፤ አልፎ አልፎም ውሃ ቋጥሯል።

«ወላሂ ሳሙና እንኳ አልቀየርኩም» አለች።

«አብሽሪ ልጄ፣ ምች ነው የመታሽ» አሉ ወይባ የሚያጨሱልን እትዬ። ዳማከሴና ጤና አዳም አሽተው ሊቀቧት ተነሡ።

የቁስሉ መልክ ግን አላሳመነኝም። ሽፍታ አይመስልም። ውሃ ሲወርድ እንደሚሠራው ዓይነት መስመር አለው። ቀሚሷ የሸፈነው ገላ ደግሞ ደህና ነው። «ሰሞኑን ገላሽን በምን ታጠብሽ?» አልኳት።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ጤና አዳም ወቅጣ፣ ሎሚ ከነልጣጩ ጨምቃ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨምራ ትከሻዋ ላይ አፍስሳዋለች። ዘና እንዲያደርጋት ብላ ነው። ከዚያ ሳትለቃለቅ ክንዷን ገልጣ ገበያ ወጣች። የኮምቦልቻን ፀሐይ መቼም ታውቁታላችሁ።

የእትዬን እጅ ያዝኩ። ጤና አዳምም ሎሚም፣ በተለይ የሎሚ ልጣጭ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አላቸው፤ ፉራኖኩማሪን ይባላል። ቃጠሎው ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ስለሚወጣ ሰው ከታጠበበት ውሃ ጋር አያገናኘውም። እትዬ ቅር አላቸው። «ጤና አዳም ሰው ሲጎዳ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቡናችን ላይ ጣል እያደረግነው ነው ያደግነው። ፀሐዩንም ቢሆን አልሳቱትም። ችግሩ ሊቀቧት ያነሡት ያው ያቃጠላት ቅጠል መሆኑ ነበር።

በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ አደረግንላት። ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈርጠው፣ ፀሐይም እንዳይነካው ነግረን ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘናት። የዚያን ቀን ወይባም ቅቤም አልቀረበላትም። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ፤ ጥቁረቱ ግን ለወራት አለቀቃትም። ያ ያሳዝነኛል፤ ክንዷን መሸፈን ልማድ ሆነባት።

አሁን የቤት መላ ለሚጠይቁን ቀድመን የምንጠቅሰው አጃ ነው። በደንብ የላመ የአጃ ዱቄት በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መጭመቅ ነው። ውሃው ወተት ይመስላል። ደረቅና የሚያሳክክ ቆዳ ያለዝባል፤ እኔም ማታ ማታ እግሬን እነክርበታለሁ። የጤና አዳም ሽታ የምትወድ ቅጠሉን ክፍሏ ውስጥ ታስቀምጠው እንጂ ገላዋ ላይ አታፍስሰው። ሎሚ የነካው እጅም በሳሙና ታጥቦ ነው ፀሐይ ላይ የሚወጣው። ልጆች ደጅ ሎሚ እየጨመቁ ሲጫወቱ ካያችሁም ጠርታችሁ አስታጥቧቸው።