የብር ሥራ፣ ዐሥራ አንደኛ ወር

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቀለበት አቀለጥኩ። ሐሳቤ ማቅለጥ አልነበረም፤ የቀረኝ ብየዳ ብቻ ነበር። ሁለቱን ጫፎች በሞረድ አስተካክዬ ገጠምኩ፣ ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳውን ቦራክስ ቀባሁ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል መበየጃ ብር መጋጠሚያው ላይ አስቀመጥኩና ነበልባሉን በቀጥታ እርሷ ላይ አነጣጠርኩ። ፍሬዋ ተኮማትራ ክብ ሆነች፣ ወደ አንድ ወገን ተንከባለለች፣ ግን አልፈሰሰችም። እልህ ያዘኝና እሳቱን ጨመርኩ። ወዲያው የቀለበቱ ጎን እንደ ውኃ አንጸባረቀና እጄን እንኳ ሳልመልስ እጥፍ ብሎ ወደቀ።

አስተማሪዬ በዚህ ሙያ ያረጁ አንጥረኛ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከያዙት ሥራ ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ መበየጃውን አሙቂ ያለሽ ማን ነው? ብሩን አሙቂ፤ እርሱ ሙቀቱን ተከትሎ ይሄዳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የቀለጠ መበየጃ የሚፈስሰው ወደሚሞቀው ወገን ነው። ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል ከሞቀ ፍሬዋ ብልጭ ብላ መጋጠሚያው ውስጥ ትሰርጋለች። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ መዳብ የተቀላቀለበት ግን ከዚያ ቀድሞ ይሄዳል። የእኔውም ሄደ።

ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ፣ ሁላችንም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ነንና፣ ዐይናቸው በራ። አንዷ «ይኸው! ቁስሉን ከመንካት በፊት ዙሪያውን ማሞቅ ማለት ነው» አለች። ሳቅ ብዬ አለፍኩት እንጂ ደስ አላለኝም። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ቃል ሁሉ ከጀርባው ሌላ ነገር ያዘለ ነው። ሰው «ደህና ነኝ» ሲለኝ ዝም ብዬ አልቀበልም፤ የምከፈለውም ለዚሁ ነው። ብር ግን ሲሰነጠቅ የተሰነጠቀው ሳላለሰልስ ደጋግሜ ስለቀጠቀጥኩት ነው። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪመስል አሙቄ ውኃ ውስጥ ብነክረው ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደውም እንዲህ ያለ ነገር ፍለጋ ነው። እባካችሁ ምሳሌ አታድርጉብኝ።

እናቴ ደግሞ የራሷ አስተያየት አላት። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስተምረን ጠይብ ልትሆኚ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ቃሉን ግን መርጣዋለች። በአገራችን ጌጡ ሲወደድ ጌጡን የሠራው እጅ ሲፈራና ሲሰደብ ነው የኖረው፤ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። እርሷ ለሠርጓ ያደረገችውን አልቦ ማን እንደሠራው ብጠይቃት ወሬ ቀየረች።

በዚህ ወር ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ለሐብል ፈርጥ ያደረግኩት ኦፓል የተባለ የጌጥ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የወሎ ነው፤ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው። ሲያዩት ነጣ ያለ ነው፤ ዘወር ሲያደርጉት ከውስጡ አረንጓዴና ብርቱካናማ ይንቦገቦጋል። እሳት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ብየዳው ሁሉ ያልቃል፤ ከዚያ ድንጋዩን የሚያቅፈው ቀጭን የብር ጥብጣብ ሳይሞቅ፣ በእጅ ኃይል ብቻ፣ ቀስ እየተባለ ይታጠፍበታል። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ የመወልወያው ጥቁረት ጥጋጥጉ ላይ ቀርቶ ስላስጠላኝ ሐብሉን ለብ ያለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩና ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ድንጋዩ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ጠርቷል። ቀለም የለ፣ ንቦግታ የለ፤ ከሥሩ ያለው ብር ይታያል። ክው አልኩ። ጋሼ አንሥተው በብርሃን አዩና «ጠጥቶ ነው» ብለው ሳቁብኝ። የወሎ ኦፓል ለዐይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲጠግብ ይጠራል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ እንዳላሰጣው አስጠነቀቁኝ፤ በጥድፊያ ከደረቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥላ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ያው ጠርሙስ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ወተት መሰለ፤ ይባስ ደነገጥኩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ አረንጓዴው መጣ። ከእናንተ ኦፓል የያዘ ካለ ዕቃ ሲያጥብ ያውልቀው፤ ቅባትና ቀለም ያለው ፈሳሽም አያስነካው። ውኃው ተንኖ ይወጣል፣ ቅባት ግን ገብቶ ሊቀር ይችላል።

ያው ሐብል ሌላም ጣጣ አመጣ። አድርጌው ሥራ ገባሁ። ለምክር የመጣ ሰው ወሬውን አቋርጦ «ይህን ከየት ገዛሽው?» አለኝ። አመስግኜ ወደ ጀመርነው መለስኩት። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብል ቀጥሎ ትእዛዝ ይመጣል፤ ትእዛዝ ከመጣ ደግሞ ዋጋ፣ ቀጠሮ፣ ቅያሜ። ቀለበት የገዛኝ ሰው ሲናደድብኝ ፊት ለፊት ሊነግረኝ ይከብደዋል፤ ያን ካልነገረኝ ደግሞ አንድ ላይ መቀመጣችን ለምን ይጠቅማል? የሙያ ሥነ ምግባራችንም ቢሆን ከምናማክረው ሰው ጋር እንዲህ ያለ ድርብ ግንኙነት እንዳንገባ ያሳስበናል። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን አንገቴም ጆሮዬም ባዶ ነው። ጉትቻዎቼ እንደሆነ ሰው ሲያለቅስ እየተንሿሹ ያሳፍሩኝ ነበር፤ እነርሱን ማውለቁ አልከበደኝም። ሐብሉ ግን ያሳሳል።

የቀረው የጠገራው ነገር ነው። አያቴ የተወችልኝ አንድ ጠገራ ብር አለኝ፦ 28 ግራም ገደማ፣ 83 በመቶው ብር፣ የቀረው መዳብ። 1780 ይላል፤ መልኳ የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። የድሮ አንጥረኞች መስቀሉንም ድሪውንም ከእርሱ እያቀለጡ ይሠሩ ነበር። ጋሼ «አምጪውና እናቅልጠው» ካሉኝ ሁለት ወር አለፈ። በየሳምንቱ ረሳሁት እላቸዋለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ መሰለኝ፣ አይጫኑኝም። የተበላሸውን ቀለበት በዚህ ቅዳሜ በመዳብ እጀምረዋለሁ። መዳብ ቢበላሽ አያስቆጭም።